ሰንጠረዥ በደብረ ታቦር መሳፍንት ዘመን

በመሥሪያ ቤት የሚያገለግል ጸሐፊ ሰንጠረዥ የሚለውን ቃል ሳይጽፍ የሚያልፍበት ሳምንት የለም። የበጀት ሰንጠረዥ፣ የደመወዝ ሰንጠረዥ፣ የፈተና ውጤት ሰንጠረዥ፣ የእኽል ምርት ሰንጠረዥ እየተባለ በየወረቀቱ ይሰመራል፤ ወደ ታችና ወደ ጐን በተሰመሩት መሥመሮች መካከል ቍጥር ይሞላበታል፤ ተፈርሞበትም ወደ በላይ ይተላለፋል። ነገር ግን ይህ ቃል ወደ ጽሕፈት ቤት ከመግባቱ በፊት የት ይኖር እንደ ነበረ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሰንጠረዥ ማለት መኳንንት ከባለሟሎቻቸው ጋራ በድንኳንና በእልፍኝ ተቀምጠው፣ በጨርቅ ላይ ሠራዊት አሰልፈው፣ የተቃራኒአቸውን ንጉሥ ለመያዝ አሳብ ለአሳብ የሚፋለሙበት ጨዋታ ነበረ። ጨዋታው ከመካከላችን ጠፋ፤ ስሙና መሥመሩ ግን በመዝገባችን ውስጥ ቀረ።

በዚህ ጽሑፍ ስለ ሰንጠረዥ ሕግና ስለ ተጫዋቾቹ ልማድ ጥቂት ለመናገር አስበናል። ምናልባት አንዳንድ አንባቢ የጨዋታ ነገር ለታሪክ ምን ይጠቅማል ይል ይሆናል። እኛ ግን እንዲህ እናስባለን፤ ሰው በሥራው ላይ ሳለ ግድ የሆነበትን ያደርጋል፤ በጨዋታው ላይ ግን ሊሆን የሚገባውን ሕግ ራሱ ይደነግጋል። ስለዚህ የአንድ ዘመን ሰዎች ስለ ጦርነት፣ ስለ ምክርና ስለ ድል ምን ያስቡ እንደ ነበረ ለማወቅ የሚወድ ሁሉ፣ ከዜና መዋዕሉ ጋራ ጨዋታቸውንም ቢመረምር አይከስርም። ይልቁንም የጨዋታውን ሕግ በዚያው ዘመን ከተደረገው ጦርነት ጋራ ብናስተያይ፣ በሚገባውና በሆነው መካከል ያለው ርቀት ወለል ብሎ ይታየናል። ለዚህም ከደብረ ታቦር የተሻለ ቦታ አናገኝም።

አስቀድመን የስሙን መንገድ እንከተል። ሊቃውንት እንደሚያስረዱት የዚህ ጨዋታ መነሻው ሕንድ ነው። በዚያም ቻቱራንጋ ይባል ነበር፤ ትርጓሜውም አራት ክፍል ያለው ማለት ሲሆን፣ አራቱም የሠራዊት ክፍሎች እግረኛ፣ ፈረሰኛ፣ ዝሆንና ሠረገላ ናቸው። ከሕንድ ወደ ፋርስ፣ ከፋርስም ወደ ዓረቦች ተሻግሮ ሸጥረንጅ ተባለ። ዓረቦችም በንግድና በጕርብትና ወደ ብዙ አገሮች አደረሱት፤ ወደ እኛም በዚሁ መንገድ መጥቶ ሰንጠረዥ ተባለ። በዓፄ ልብነ ድንግል ዘመን፣ ከ1500 እስከ 1532 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከቬኒስ ከመጣ ሠዓሊ ጋራ ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደ ነበረ ተጽፎ ይገኛል። እንግዲህ ጨዋታው በቤተ መንግሥታችን ቢያንስ አራት መቶ ዓመት ያኽል ኖሯል ማለት ነው።

ወደ ደብረ ታቦር እንመለስ። ከጉና ተራራ በስተ ምዕራብ፣ በፋርጣ አገር በደጋው ላይ የተቀመጠችው ይህች ከተማ፣ በመሳፍንት ዘመን የየጁ ራሶች መቀመጫ ነበረች። መናገሻዋን ያቋቋሙት ራስ ጉግሣ መርሣ እንደ ሆኑ ይነገራል። ከእርሳቸው በኋላ ልጆቻቸው ተፈራረቁባት፤ በመጨረሻም በ1823 ዓ.ም. ገና ልጅ ሳሉ የተሾሙት የልጅ ልጃቸው ዳግማዊ ራስ ዓሊ፣ በእናታቸው በወይዘሮ መነን ሞግዚትነት ዠምረው፣ ሃያ ሁለት ዓመት ያኽል ገዙባት። በጐንደር የሰሎሞን ዘር የሆነ ንጉሥ በስም ይነግሣል፤ ሥልጣኑ ግን በደብረ ታቦር ነበር። ከጐጃም፣ ከስሜን፣ ከላስታ፣ ከወሎ የሚመጣው መልእክተኛ ሁሉ የሚያሰማው ነገር ቢኖረው መንገዱ ወደዚህ ነው።

ከውጭ አገር የመጡት እንግዶችም እንዲሁ። ዋልተር ፕላውደን የተባለው እንግሊዛዊ በ1835 ዓ.ም. ወደ አገራችን ገብቶ፣ ኋላም ቆንስል ሆኖ ተሹሞ፣ በ1842 ዓ.ም. ከራስ ዓሊ ጋራ የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። በ1852 ዓ.ም. በጐንደር አጠገብ ቆስሎ ተይዞ እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ ብዙ ጊዜ በቤጌምድርና በአካባቢው አሳለፈ። ከሞተ በኋላ የታተመው መጽሐፉ ስለ ሰንጠረዥ አጨዋወት ከሚናገሩት ምስክሮች አንዱ ነው። ከእርሱ አስቀድሞ ሄንሪ ሶልት የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1805 ወደ ትግራይ መጥቶ፣ ራስ ወልደ ሥላሴ ከመኳንንቶቻቸው ጋራ ሲጫወቱ አይቶ ጽፏል። ማርሴል ኮኸን የተባለው የፈረንሳይ የቋንቋ ሊቅም ከ1902 እስከ 1903 ዓ.ም. በአገራችን በቆየበት ጊዜ የኢትዮጵያን ጨዋታዎች መዝግቧል። የራሳችን ጸሐፍት ስለ ነገሥታት ዘመቻና ስለ ቤተ ክርስቲያን ተግተው ሲጽፉ፣ በየዕለቱ በዓይናቸው የሚያዩትን ጨዋታ ሁሉም ሰው ያውቀዋል ብለው ተዉት። ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር ደግሞ፣ ካልተጻፈ፣ ቶሎ ይጠፋል።

አሁን ጨርቁን እንዘርጋና ጨዋታውን እንመልከት። የሰንጠረዡ ገበታ አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ጨርቅ ሆኖ፣ ጥቍር ወይም ሰማያዊ ጥብጣብ ወደ ታችና ወደ ጐን እየተሰፋበት በስድሳ አራት ቤት ይከፈላል። ቤቶቹ እንደ ዛሬው ቼዝ ነጭና ጥቍር ሆነው አልተዥጐረጐሩም፤ ሁሉም አንድ መልክ ናቸው። ጨርቅ መሆኑም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጌታው ሲዘምት ተጠቅልሎ በበቅሎ ይጫናል፤ ሠራዊቱ በሰፈረበትም ይዘረጋል። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የሚቀረጹ ነበሩ፤ ሶልት በትግራይ ያያቸው ትልልቅና ያልተጣሩ ናቸው። ተጫዋቹም የጠላቱን ጠጠር በሚወስድበት ጊዜ በዝግታ አያነሣውም፤ በራሱ ጠጠር በኀይል መትቶ ከቦታው ያሽቀነጥረዋል።

እያንዳንዱ ተጫዋች አሥራ ስድስት ጠጠር አለው። እነዚህም አንድ ንጉሥ፣ አንድ ፈርዝ፣ ሁለት ፊል፣ ሁለት ፈረስ፣ ሁለት ደርና ስምንት መደቅ ናቸው። ንጉሥ ወደ ወደደው አቅጣጫ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል። ፈርዝ የንጉሥ አማካሪ ማለት ነው፤ ስሙ ከፋርስ የመጣ ሲሆን በሰያፍ አንድ ቤት ይሄዳል። ፊል በዓረብኛ ዝሆን ማለት ነው፤ በሰያፍ በመካከል ያለውን ቤት ዘሎ ሁለተኛው ቤት ላይ ያርፋል፤ በመካከሉ ማንም ቢቆም አያግደውም። ፈረስ ዛሬም በቼዝ እንደምናውቀው ይዘላል። ደር በቀጥታ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላና ወደ ጐን እንደ ልቡ ይሮጣል፤ ከሁሉም ብርቱው እርሱ ነው። መደቅ እግረኛው ወታደር ነው፤ አንድ ቤት ወደ ፊት ይሄዳል፤ የጠላቱን ጠጠር ሲወስድ ግን በሰያፍ ነው፤ ወደ ኋላ መመለስ የለበትም። ሁለቱ ነገሥታት ፊት ለፊት አይተያዩም፤ እያንዳንዱ ንጉሥ ከፊቱ የሚያየው የተቃራኒውን ፈርዝ ነው።

ይህ ሥርዓት የዛሬውን ቼዝ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ ሳይሆንበት አይቀርም። ምክንያቱም በአውሮፓ አሥራ አምስተኛው ምዕት ዓመት ሊያልቅ ሲል የጨዋታው ሕግ ተለወጠ። ደካማው አማካሪ ንግሥት ተብሎ በሁሉም አቅጣጫ እንደ ልቡ እንዲሮጥ ተፈቀደለት፤ ዘላዩ ዝሆንም ጳጳስ ተብሎ በሰያፍ ርቆ እንዲሄድ ሆነ። ጨዋታውም ፈጠነ። የእኛ ሰንጠረዥ ግን የጥንቱን ሕግ እንደ ያዘ እስከ ሃያኛው ምዕት ዓመት ቈየ። ስለዚህ መሬይ የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው ሰፊ የቼዝ ታሪክ ውስጥ ለኢትዮጵያም ስፍራ ሰጥቷል።

ሰንጠረዥ የጥንት ዕቃ ጠባቂ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ይህን ያኽል ባልደከምንበት ነበር። የራሱ የሆነና በሌላው አገር እንዲህ የማይገኝ ሕግ አለው፤ ይኸውም ወረራ የሚባለው የጨዋታው መጀመሪያ ነው። በቼዝ አንዱ አንድ ጊዜ ይሄዳል፤ ቀጥሎ ሌላው ይሄዳል። በሰንጠረዥ ግን በመጀመሪያ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ እጃቸው እንደ ፈጠነ መጠን፣ ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ አምስት ጊዜ ሲሄድ ሌላው ሁለት ጊዜ ቢሄድ ክስ የለም። የተቃራኒውን አሰላለፍ አይቶ የራሱን መለወጥ፣ ያስኬደውንም መልሶ በሌላ መንገድ ማሰለፍ የተፈቀደ ነው። ይህ ሁሉ የሚቆየው የመጀመሪያው ጠጠር እስኪወሰድ ድረስ ብቻ ነው። አንዱ የሌላውን ጠጠር ከመታ በኋላ ወረራው አበቃ፤ ከዚያ ወዲያ ተራ በተራ ይሆናል፤ የሄደም አይመለስም።

አንባቢ ይህን ሕግ በጥሞና እንዲመለከተው እንለምናለን። ዛሬ ወጣቶቻችን በስልክና በኮምፒውተር የጦርነት ጨዋታ ይጫወታሉ፤ በዚያም በምናብ የተፈጠሩ ነገሥታት፣ ዘንዶዎችና አስማተኞች ይሰለፋሉ። እነዚህ ጨዋታዎች በሁለት ይከፈላሉ፤ ግማሾቹ ተራ በተራ የሚሄዱ ናቸው፤ ግማሾቹ ደግሞ ተራ የሌላቸው፣ የፈጠነ የሚቀድምባቸው ናቸው። አባቶቻችን ሁለቱን በአንድ ጨርቅ ላይ አዋሕደው፣ የሁለቱን ወሰን በአንድ ነገር ለይተውት ነበር፤ እርሱም የመጀመሪያው ደም ነው። ደም እስካልፈሰሰ ድረስ ሰው አሳቡን ሊለውጥ፣ ሠራዊቱን ሊመልስ፣ ስሕተቱን ሊያርም ይችላል። አንድ ጊዜ ከተመታ በኋላ ግን እያንዳንዱ ርምጃ ይቈጠራል። በዚያ ዘመን የነበረ መስፍን ይህን ከራሱ ኑሮ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ነጋሪት ጐስሞ፣ ክተት ብሎ፣ ከወንዝ ማዶና ከወንዝ ወዲህ ሰፍሮ፣ ሽማግሌና ካህን እያመላለሰ ብዙ ሰንብቶ፣ አንዳንድ ጊዜም ሳይዋጋ ታርቆ ይመለሳል። ወረራ የዚህ ምሳሌ ይመስለናል።

የጨዋታው መጨረሻም እንደ መጀመሪያው የራሱ ሥርዓት አለው። የተቃራኒን ንጉሥ መያዝ ብቻ አይበቃም፤ በማን ያዝኸው የሚለው ጥያቄ ይከተላል። በደር ወይም በፈረስ መያዝ እንደ ትልቅ ብልኀት አይቈጠርም ነበር፤ ብርቱ በብርታቱ ቢያሸንፍ ምን ይደንቃል! በፈርዝ ወይም በፊል መያዝ ያስመሰግናል፤ ከእግረኛው መደቅ ጋራ አስተባብሮ መያዝ ደግሞ የበለጠ ያስከብራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት በዚህ ጨርቅ ላይ ሕግ ሆኖ ነበር ለማለት እንችላለን።

ከዚህም በላይ የተሸናፊውን ጓዝ ሁሉ መልቀም የተነወረ ነው። ብቻውን የቀረ ንጉሥ ሊያዝ አይችልም። ከንጉሡ ጋራ ከመደቅ በላይ የሆነ አንድ ጠጠር ብቻ የቀረችው እንደ ሆነ፣ ያቺ ጠጠር ሰባት ጊዜ ሳትሄድ አሸናፊው ነገሩን መጨረስ አለበት፤ አለዚያ ድሉ ያመልጠዋል። ስለዚህ ብልኅ ተጫዋች ጠላቱን እስከ መጨረሻው አይገፈውም፤ ሠራዊት ሳለው፣ ክብሩም ሳይጐድል ሊይዘው ይጥራል። ድል የሚገኘው ከሙሉ ሰው ላይ ነው፤ ከተገፈፈ ሰው ላይ ድል የለም። ሕጉን ያወጣው ሰው ማን እንደ ሆነ ስሙ ባይታወቅም፣ ስለ ጦርነትና ስለ ምሕረት አጥብቆ ያሰበ እንደ ነበረ ሕጉ ራሱ ይመሰክራል።

ሦስተኛው ነገር የተመልካቹ ልማድ ነው። ቼዝ በዝምታ የሚጫወቱት ነው፤ ተመልካች ቢናገር ይነወራል፤ በውድድር ላይም ከአዳራሹ ይወጣል። በሰንጠረዥ ግን ዝምታ የለም። ሶልት በራስ ወልደ ሥላሴ ፊት ያየው ይህን ነው፤ ጨዋታው በታላቅ ጫጫታ ይካሄዳል፤ በዙሪያው የቆመው ሁሉ፣ ባሮች እንኳ ሳይቀሩ፣ እንዲህ ቢሆን ይሻላል፣ እንዲያ ቢሆን ይበጃል እያለ አሳቡን ይሰጣል። ዛሬ የኮምፒውተር ጨዋታ የሚሠሩ ሰዎች የተጫዋቾቻቸውን አስተያየት ይጠይቃሉ፤ በዚያም ጨዋታቸውን ያሻሽላሉ ይባላል። በሰንጠረዥ ዙሪያ ግን አስተያየቱ ጨዋታው ካለቀ በኋላ የሚሰጥ አልነበረም፤ ጠጠሩ ገና በእጅ ላይ ሳለ ከየአቅጣጫው ይዘንብ ነበር።

ይህ እንዴት ያለ ነገር እንደ ነበረ የሚገባን የዚያን ጊዜውን የግቢ ሥርዓት ስናስታውስ ነው። በጌታ ፊት ሰው ልብሱን አደግድጎ ይቆማል፤ ሳይጠየቅ አይናገርም፤ ሲናገርም አፉን በነጠላው ይሸፍናል። በሰንጠረዡ ጨርቅ ዙሪያ ግን ያ ሁሉ ለጥቂት ሰዓት ይላላል፤ ጋሻ ጃግሬውም፣ አሽከሩም፣ ባሪያውም ጌታውን ተሳስተሃል ለማለት ይደፍራል። ይህን ስንል ጨዋታው ሰዎችን እኩል አደረገ ማለታችን አይደለም። ጨርቁ ሲጠቀለል ባሪያው ባሪያ፣ ጌታውም ጌታ ሆነው ይነሣሉ። ነገር ግን አንድ ነገር በግልጽ ይታያል፤ በዘመኑ የነበሩ ሰዎች ብልኀት በመዓርግ ልክ እንደማይታደል ያውቁ ነበር። የሚያውቁትን በጨዋታ ፈቀዱት፤ በሥራ ግን ከለከሉት። የዘመነ መሳፍንትም መከራ አንዱ ክፍል ከዚህ የመጣ ይመስለናል።

እስቲ አሁን ጨርቁን ጠቅልለን በዚያው በደብረ ታቦር መሬት ላይ የሆነውን እንይ። በ1834 ዓ.ም. የስሜንና የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኀይለ ማርያም፣ በዚያው ሰሞን ከእስክንድርያ የመጡትን አቡነ ሰላማን ይዘው፣ በራስ ዓሊ ላይ ዘመቱ። በደብረ ታቦር ውጊያ ሆነ። ውቤ ድል አደረጉ፤ ራስ ዓሊም ሸሹ። የአሸናፊው ሰፈር በደስታ ተሞላ፤ ተበላ፤ ተጠጣ። ነገር ግን የራስ ዓሊ ወገን የሆኑት ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደርሰው ውቤን በሰፈራቸው ያዟቸው። የሸሹት ራስ ተመልሰው በመንበራቸው ተቀመጡ፤ ያሸነፉት ደጃዝማች እስረኛ ሆኑ። ሰንጠረዥ የሚያውቅ ሰው የዚህን ነገር ምክንያት ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም። ብዙ ጠጠር መውሰድ ድል አይደለም፤ የተቃራኒው ንጉሥ በገበታው ላይ እስካለ ድረስ ጨዋታው አላለቀም። ይህን ሕግ በየሠፈሩ ሲጫወቱት የኖሩ ሰዎች በእውነተኛው ሜዳ ላይ ረሱት።

ስለ ንጉሥና ስለ ፈርዝም እንዲሁ ነው። በሰንጠረዥ ላይ ፈርዝ ደካማ ነው፤ ከንጉሡ ጐን ሆኖ አንድ አንድ ቤት እየተራመደ ይጠብቃል። በአውሮፓ ገበታ ላይ አማካሪው ከጌታው በላይ ሲበረታ፣ በእኛ ገበታ ላይ እንደ ጥንቱ ትሑት ሆኖ ኖረ። ከገበታው ውጭ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። በጐንደር ያለው ንጉሠ ነገሥት ከእልፍኙ የማይወጣ፣ ዛሬ ተሹሞ ነገ የሚሻር ሆነ፤ ራሱ ግን ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወደ ወደደው ይዘምት ነበር። መሳፍንቱ ሊሆን የሚገባውን ሥርዓት በጨርቃቸው ላይ ጠብቀው፣ በአገራቸው ላይ አፈረሱት።

መደቅ ወደ ገበታው ጫፍ ቢደርስ ምን እንደሚሆን ምስክሮቹ አይስማሙም። ሶልት በትግራይ እንዳየው ምንም ሹመት አያገኝም፤ ሌሎች ግን ሹመት እንደሚያገኝ ተናግረዋል። ታሪክ ግን በዚህ ነገር የራሱን ፍርድ ሰጠ። ከቋራ የተነሡት ካሣ ኀይሉ፣ በመሳፍንቱ ዘንድ እንደ ታናሽ ሽፍታ ተቈጥረው ሳሉ፣ ቤት በቤት ወደ ፊት ተራምደው፣ በሰኔ ወር 1845 ዓ.ም. በአይሻል ሜዳ የራስ ዓሊን ሠራዊት ፈቱ። ራስ ዓሊም ወደ ደብረ ታቦር መንበራቸው አልተመለሱም። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ ዓፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ከመንገሣቸውም በኋላ ደብረ ታቦርን ዋና መቀመጫቸው አደረጓት፤ በአጠገቧም በጋፋት መድፍ አስቀረጹ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ወደ መቅደላ ሲነሡ ግን ከተማዪቱን አቃጠሏት።

እንግዲህ በሚገባውና በሆነው መካከል ያለው ርቀት ይህን ያኽል ነው። በጨርቁ ላይ የተሸነፈ አይገፈፍም፤ በመሬት ላይ ግን ተገፈፈ፤ ከተማውም ነደደ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን የመደቁ ነገር ነው። በጨዋታው ላይ የተወሰደው መደቅ ጨዋታው ሲያልቅ ከንጉሡ ጋራ በአንድ ከረጢት ይገባል፤ በማግሥቱም እንደ ቀድሞው ይሰለፋል። የፋርጣ፣ የጋይንት፣ የእስቴና የፎገራ ገበሬ ግን እንዲህ አልነበረም። ወዳጅ የተባለው ሠራዊትም፣ ጠላት የተባለው ሠራዊትም በየተራው እየመጣ በቤቱ ተሠርቶ ጐተራውን አራቈተ፤ በሬውን አረደ። አንድ ጊዜ የተበላ ዘር በማግሥቱ በገበታ ላይ ተመልሶ አይቆምም። መሳፍንቱ አንዱን ጨዋታ ጨርሰው ሌላውን ሲጀምሩ፣ ባላገሩ ከፊተኛው ገና አላገገመም ነበር።

ሰንጠረዥ ከመሳፍንት ዘመንም በኋላ በመኳንንት ቤት ኖሯል። እቴጌ ጣይቱ ብጡል በገና ከመደርደራቸው ጋራ ሰንጠረዥም ይጫወቱ እንደ ነበረ ይነገርላቸዋል። ይሁን እንጂ የኢትዮጵያ ጥናት ሊቅ የነበሩት ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለዚህ ጨዋታ በጻፉት ጥናት እንዳመለከቱት፣ ከ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ ወዲህ ጨዋታው እየጠፋ ሄዷል። ምክንያቱንም ለማስተዋል አያስቸግርም። ጨዋታው የኖረው በግቢ መዝናኛ ሰዓት ነው፤ ግቢው ሲበተን፣ መኳንንቱም በዱርና በስደት ሲያልቁ፣ ጨርቁን የሚዘረጋ አልተገኘም። ከነጻነት በኋላ የመጣው ትውልድ ደግሞ በትምህርት ቤት ያገኘው ዓለም አቀፉን ቼዝ ነው። ገበጣ ግን አልጠፋም፤ እረኛ በሜዳ ላይ ጕድጓድ ምሶ፣ ጠጠር ለቅሞ ይጫወተዋልና። በግቢ የተወሰነ ነገር ከግቢው ጋራ ጠፋ፤ በሕዝብ እጅ ያለው ቀረ። ይህ ለባህል ጠባቂዎች ሁሉ ትልቅ ትምህርት ነው።

አንዳንድ ሰው፣ የመሳፍንት መዝናኛ ቢጠፋ ምን ጐደለብን፣ ባላገሩ በተራበበት ዘመን እነርሱ የሚጫወቱት አይደለምን፣ ሊል ይችላል። ክርክሩ እውነት አለበት፤ እኛም አላስተባበልነውም። ነገር ግን የመሳፍንቱን በደል ያወቅነው ከጨዋታቸው ሕግ ጋራ ስናስተያየው ነው። የተሸነፈን መግፈፍ ነውር መሆኑን፣ ድል በብርቱ ብቻ የሚገኝ አለመሆኑን፣ የታናሽም ምክር መሰማት እንዳለበት ያውቁ ነበር፤ በእጃቸው ይዘውት ነበርና። ያላወቀ ሰው ይማራል ይባላል፤ ያወቀ ግን ይጠየቃል። ሰንጠረዥ ከጠፋ የበደላቸው መስፈሪያ አብሮ ይጠፋል።

ጨዋታውን ለማስነሣት የሚያስፈልገው ወጪ ብዙ አይደለም። አንድ ክንድ ቀይ ጨርቅ፣ ጥቂት ጥብጣብና ከእንጨት የተጠረቡ ሠላሳ ሁለት ጠጠሮች ይበቃሉ። የታሪክ መምህር ስለ ዘመነ መሳፍንት ሲያስተምር ጨርቁን በክፍሉ ውስጥ ቢዘረጋ፣ ተማሪዎቹም እንደ ቀድሞው ዙሪያውን ከበው እየጮኹ ቢመክሩ፣ የደብረ ታቦርን ውጊያና የአይሻልን ነገር ከመጽሐፍ ብቻ ከሚያነቡት ይልቅ ይበልጥ ያስታውሱታል ብለን እናምናለን። ከዚህም ሌላ የሚቀር ሥራ አለ። ሕጉ በውጭ አገር ሰዎች ተጽፎልናል፤ ተጫዋቾቹ ጠጠር ሲመቱ የሚሉት ቃል፣ ፉከራውና ቀልዱ ግን ከአባት ለልጅ የሚተላለፍ ነው። በደብረ ታቦር፣ በማኅደረ ማርያምና በነፋስ መውጫ ያሉ ተማሪዎች ከአያቶቻቸውና ከየደብሩ ሽማግሌዎች ጠይቀው፣ የሚያገኙትን አንዲት ቃል እንኳ ቢሆን ቢጽፉ ለወደፊቱ ተመራማሪ ስንቅ ይሆናል።

ለእኛ ለመሥሪያ ቤት ሰዎችም አንድ ነገር ይቀረናል። በየዕለቱ በወረቀት ላይ የምናሰምረው ሰንጠረዥ ከዚያ ከቀዩ ጨርቅ የተወለደ ነው። በእያንዳንዱ ቤት ውስጥ የምንጽፈው ቍጥር የኵንታል፣ የብር ወይም የተማሪ ቍጥር ይባላል እንጂ ከበስተኋላው ሰው አለ። የጥንቱ ተጫዋች መደቁን ሲያስኬድ ወደ ኋላ እንደማይመለስ ያውቅ ነበር፤ ዙሪያውን የቆመው ታናሽ ሰውም አስብ ይለው ነበር። እኛም መሥመሩን ስናሰምርና ቍጥሩን ስንሞላ፣ በዙሪያችን ያለው ሰው እንዲናገር ብንፈቅድ፣ ከመሳፍንቱ በተሻለ የጨዋታቸውን ሕግ ጠበቅን ማለት ነው።